ቀኙ ጨለማ ነው

ሰፈሩ ሁሉ ወይዘሮ ፋዝ ይላታል። ስሙ የወጣላት በገዛ አፏ ነው። የማንም ቤት ገብታ ግድግዳ ከመንካቷ በፊት «ፋዝ አለው፣ እጅህን ሰብስብ!» ትላለች፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ አለበት ማለቷ ነው፤ ባለቤቱ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቢቆም እንኳ አይቀርለትም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ከደረት ኪሷ ቴስተሯ አትለይም፤ ያቺ ካቻቢቴ የምትመስለው፣ ሽቦ ስትነካ ሆዷ ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት ቦግ የምትለው። ቴስተሯ ስትበራ የወይዘሮ ፋዝም ፊት ይበራል። ካልበራች «ሞቷል» ትላለች፤ ሽቦውን ይሁን ቀድሞ የሠራውን ሰው አይታወቅም። ለእሷ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ የበራና የሞተ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ ለመቀስ የተፈጠረ፣ ምላሱም ከመቀሱ የማይተናነስ ሰው ነው፤ መብራት ላይ ሲመጣ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አንድ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል እቀይራለሁ ብሎ ሕንፃውን በሙሉ አጨልሞታል። እንዴት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እሱም አያውቀውም። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣበት። «የሰው ጭንቅላት ላይ እንደልብህ እዘዝ፣ የብሬከር ሳጥኔ አጠገብ ግን እንዳላይህ» አለችው። እሱም ደስ ብሎት ተቀበለ።

እናቱም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ጆሯቸውና አፋቸው ግን እንዳሉ ናቸው።

እብጠቷን ያገኘቻት ራሷ ወይዘሮ ፋዝ ናት። መሰላል ላይ ቆማ ስትሠራ የመሣሪያ ቦርሳዋ ማንገቻ ግራ ጡቷን ጫን ቢላት፣ ከሥሩ አንዲት ጠጣር ነገር ተሰማቻት። ያላጠበቅኩት ብሎን ኪሴ ገብቶ ይሆናል አለች። ኪሷን ብትዳብስ ብሎን የለም። ከዚያ በኋላ ራጅ መጣ፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ከዚያም ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራው ስም ተነገራት፤ ካንሰር ነው።

ቀዶ ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ሲናገር ግን አይቸኩልም።

«ግራው ላይ አንድ እንዳለ እናውቃለን» አላት። «ችግሩ፣ የእርስዎ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው። በራጁ ላይ እሱም ነጭ፣ በሽታውም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ሌላ ተደብቆ ቢሆን በዚህ ላላየው እችላለሁ። ስለዚህ ሳልነካዎት በፊት በኤምአርአይ ሁለቱንም ልይ። አንድ ብቻ ከሆነ እሱን አወጣና ጡቱን እተወዋለሁ፤ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ተበታትኖ ከሆነ ወይም ቀኙም ላይ ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል።»

ከዚያ በኋላ በክንዷ ስለሚገባ መድኃኒት፣ መድኃኒቱም ምን እንደሚያሳይ ረጋ ብሎ አስረዳት። ወይዘሮ ፋዝ አንገቷን እየነቀነቀች አንዲት ቃል አልሰማችም። ጆሮዋ «ይከብዳል» ላይ ቆሞ ቀርቷል።

የኤምአርአይ ክፍሏ ባለሙያ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ነበረች።

«ብረት ነገር አለ እናቴ? ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ፣ የልብ ማሽን፣ ጌጥ፣ የፀጉር ማስያዣ? እዚያ ውስጥ ያለው ትልቅ ማግኔት ነው፤ ቀልድ አያውቅም።»

ወይዘሮ ፋዝ ከኪሶቿ ቴስተሯን፣ ሁለት ብሎን፣ አንድ ፊውዝና ቁራጭ ሽቦ አወጣች። ሌላ ኪስ ስትፈትሽ ሌላ ብሎን ተገኘ።

«ሱቅ ዘግተው ነው እንዴ የመጡት?» አለች ባለሙያዋ።

ሁለቱም ሳቁ። ቀለበቷን ስታወልቅ ግን እጇ ዘገየባት። የሆስፒታሉን ስስ ልብስ ለብሳ፣ ቴስተሯን ሳጥን ውስጥ ቆልፋባት ስትወጣ ልብሱ ሳይሆን የቴስተሯ አለመኖር ራቁቷን የሆነች አስመሰላት።

በሆዷ አስተኟት። አልጋው ሁለት ጉድጓድ አለው፤ ጡቶቿ እዚያ ውስጥ ተንጠለጠሉ። ፊቷ እንደ ቀለበት ክፍት በሆነ ትራስ ላይ አረፈ። ክንዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶላት፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ተደርጎላት፣ እጇ ላይም የጎማ ኳስ ሰጧት። «ከጨነቀዎ ይጭመቁት፣ ወዲያው እመጣለሁ። ዋናው አለመንቀሳቀስ ነው» አለቻት ባለሙያዋና ወጣች። አልጋው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ።

ጩኸቱ ሲጀምር ወይዘሮ ፋዝ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነበር። ይህን ያህል የተወራለት ማሽን እንዲህ ይንገጫገጫል? አንድ ብሎኑ ላልቷል አለች በሆዷ። ቢተዉላት ከሥሩ ገብታ ባጠበቀችው። ጩኸቱ አንዴ እንደ መሰርሰሪያ፣ አንዴ አልነሳ እንዳለ ጀነሬተር እየሆነ፣ እሷም ብልሽቱን እየገመተች፣ ጊዜው ሄደ።

«አሁን መድኃኒቱ ይገባል፣ ክንድዎን ቀዝቀዝ ይልዎታል» አላት ድምፅ በማዳመጫው። ቅዝቃዜው በክንዷ ወጣ። ማሽኑ እንደገና ተንገጫገጨ፣ ቆመ፣ ተንገጫገጨ፣ ቆመ።

«ጎበዝ እናቴ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት» አለ ድምፁ። ከዚህ በኋላ መዘጋት የነበረበት ማይክ አልተዘጋም። ያቺው ሴት ፊቷን ወደ ሌላ ሰው አዙራ ስታወራ ትሰማለች።

«ግራው አንዲት ቦታ ብቻ በርታለች።»

«ቀኙስ?» አለ የወንድ ድምፅ።

«ቀኙ ጨለማ ነው። ድፍን ጨለማ።»

ቀጭ አለና ማይኩ ተዘጋ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የወይዘሮ ፋዝ ጆሮ ግን ያን ዕለት ባዳ መሆኑ አልበቃው ብሎ ጠላት ሆነባት። በደረቷ ተኝታ ክው ብላ ቀረች። አንድ ክፍል ብቻ በርቶ ሌላው በሙሉ የጨለመበት ቤት ስንት አይታለች! እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ገመዱ ተቃጥሏል፤ ያቺ የበራችውም ብትሆን አትቆይም። ግራው አንዲት ቦታ ብቻ ቀርታዋለች። ቀኙ፣ ጤነኛ ነው ብላ የምትመካበት ቀኟ፣ ሞቷል። ለጭንቅ ጊዜ የተሰጣትን ኳስ ይዛ ሳትጨምቀው ቀረች። ጠርታስ ምን ትላለች?

ስትወጣ ባለሙያዋን ዓይኗን እያየች «ምን አያችሁ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ውጤቱን የሚነግርዎ ሐኪምዎ ነው እናቴ፤ እኛ አልተፈቀደልንም» አለች ሴትዮዋ፣ ፈገግ ብላ ክንዷን ዳበስ እያደረገች። ወይዘሮ ፋዝ ያን ፈገግታ የለቅሶ ቤት ፈገግታ ነው ብላ ተረጎመችው። አንዴ የተጠራጠረ ልብ እኮ «ደህና ዋልሽ» ቢሉትም መርዶ ነው የሚሰማው።

ቤት ገብታ «እንዴት ነበር?» ሲሏት «ይጮሃል» ብላ አለፈች።

በማግስቱ ማታ ባሏን «ና እስቲ» አለችው። ወደ ብሬከሩ ሳጥን ነበር የምትወስደው። ሰውየው መንገድ ላይ ቆመ።

«እኔ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ይሄ ዋናው ነው። ይሄ የእማዬ ክፍል፣ ይሄ የወጥ ቤቱ። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ የትኛው እንደወረደ ታያለህ። ሌላውን አትንካ። እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመላት። እንደ ተማሪ ደስ አለው። በነጋታው ፀጉር ቤት ደንበኞቹን በሙሉ «ዋናው ግራ በኩል ነው» እያለ አደነቆራቸው። ሌላ ማታ አምፖል ማሰር፣ ሌላ ማታ የካውያ ሶኬት መቀየር አስተማረችው። ሳይነካ በፊት በቴስተር ማየትን ደግሞ እስኪሰለቸው ድረስ አስደገመችው። እሱ እየሠራ እሷ መሰርሰሪያዋን ጠርጋ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ሰቀለችው። ይህን ሲያይ እጁ ሶኬቱ ላይ ቆመ። ወሬኛ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

«ለምንድነው የምታስተምሪኝ?»

«ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።»

«እስከ ዛሬስ አልነበረበትም?»

የመደርደሪያውን አቧራ መጥረግ ጀመረች።

«ነገ ሐኪሙ ጋ ነን አይደል?» አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም አልኩ! የሞተ መስመር ምን ይደረጋል? ቀኙ ድፍን ጨለማ ነው፤ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ግራው አንዲት ቦታ ብቻ ናት የቀረችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ደረሰ በቃ። ቆራርጠው ላያድኑኝ ነገር ሙሉ ሆኜ እዚሁ ከናንተ ጋር ልሰንብት።»

ባሏ የያዘውን ሶኬት መሬት አስቀመጠ። ደንበኛ ፀጉሩን ተቆርጦ ጢሙን ተላጭቶ እስኪወጣ ድረስ ወሬው የማይቋረጠው ሰው ከሥሯ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እግሯን ያዘ። ማልቀሱን ያወቀችው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው።

ከጓዳው የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማነው የነገረሽ?»

«ሲያወሩ ሰማኋቸው እማዬ።»

«ላንቺ ነው ያወሩት?»

«አይ፣ እርስ በርሳቸው ነው።»

«እንግዲያው ገና አልተነገረሽም! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ዶሮዋ የኔ ምራት ኖራለች!»

«እማዬ፣ በገዛ ጆሮዬ እኮ ነው…»

«ጆሮ ምን ያውቃል? አንቺስ፣ ሰው ደውሎ ‹መብራቴ ተቃጥሏል› ሲልሽ ምንድነው የምትይው?»

ወይዘሮ ፋዝ የምትለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። «ሳልነካው አላምንም» ነው የምትለው። በስልክ ብልሽት የሚነግራትን ሰው «አንተ ካወቅኸው ለምን ጠራኸኝ?» ብላ ታሳፍረዋለች። ደርሳ ስታየው ደግሞ ተቃጠለ ተብሎ የተለቀሰለት ቤት ሶኬቱ ብቻ ወልቆ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ነገ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ» አሉ አሮጊቷ። «ከሞተ ያኔ ሞቷል ትይኛለሽ፤ እኔም ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝ። አንተም ተነስ! ሚስትህ ሳትሞት ወለል አታርጥብብኝ።»

ሦስቱም ሄዱ። አማቷ በከዘራቸው ኮሪደሩን እየቀጠቀጡ፣ ባሏ ክንዷን እንዳታመልጠው ይመስል ይዞ፣ ወይዘሮ ፋዝ ደግሞ እጇን የደረት ኪሷ ላይ ጭና። ቴስተሯ እዚያው ናት።

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ መነጽሩን ይፈልግ ጀመር።

«ግንባርዎ ላይ ነው ዶክተር» አለ ባሏ።

«አመሰግናለሁ።» መነጽሩን አወረደና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደነሱ አዞረ። «እንግዲህ ውጤቱ…»

«ዶክተር፣ አይድከሙ» አለች ወይዘሮ ፋዝ። «ቀኙ ጨለማ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ሐኪሙ መነጽሩን እንደገና ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ማን ነገረዎት?»

«ብቻ አውቃለሁ።»

«ልክ ነዎት። ድፍን ጨለማ ነው። እንኳን ደስ አለዎት!»

ባሏ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«እንኳን ደስ አለዎት? ሰውዬ፣ ያምዎታል እንዴ? ሚስቴ ጨለማ ሆነች እያሉ…»

«ተቀመጥ!» አሉ እናቱ በከዘራቸው ጭኑን መታ አድርገው። «ይጨርስ።»

ሐኪሙ አንዱንም ሌላውንም አየና ነገሩ ገባው። ወንበሩን ጎትቶ ወደ ወይዘሮ ፋዝ ቀረበ።

«ያን ቀን በክንድዎ የገባው መድኃኒት የሚሮጠው ደም ወደሚበዛበት ነው። ካንሰር ስግብግብ ነው፤ ደሙን ወደራሱ ይስባል፣ መድኃኒቱንም አብሮ ይስባል፣ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ እሱ ይበራል። ጤነኛው ሥጋ ደግሞ አይቸኩልም፣ እንደጨለመ ይቆያል። እዚህ ቤት እኛን የሚያስፈራን ብርሃኑ ነው። ጨለማ ስናይ እፎይ እንላለን። ይኸው፣ ይዩት።»

አየች። ቀኙ ጥቁር ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ረግቶ የተኛ ጥቁር። ግራውም ጥቁር ነው፤ መሀሉ ላይ ብቻ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ቦግ ብላለች። ወይዘሮ ፋዝ ጣቷን ሰደደችና ስክሪኑን ነካችው። ሳትነካ አታምንማ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት። ብቻዋን ናት፣ ዘመድ የላትም። በብብትዎ በኩልም የሚያሰጋ ነገር አላየሁም፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ደግሞ እናረጋግጣለን።»

«ጡቴስ?»

«ይቀራል። እሷን ብቻ አወጣለሁ፣ ከዚያ ጨረሩ ይከተላል። የምነግርዎት ነገር ቀላል ነው አልልም፤ ሥራ አለብን። ግን የፈራሁት አልሆነም።»

ወይዘሮ ፋዝ ለመሳቅ አፏን ስትከፍት የወጣው ልቅሶ ነው። ስንት ማታ ደረቷ ላይ ተጭኖባት የከረመው ነገር ተነሳላት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ቀኟ ደህና ነው። የሞተ መስሏት በሆዷ ስትቀብረው የሰነበተችው ቀኟ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ከደህናም ደህና ነው። አማቷ የነጠላቸውን ጫፍ አውጥተው ፊቷን አበሱላት።

«አየሽ ዶሮዬ?» አሏት ቀስ ብለው።

«እና» አለች አፍንጫዋን እየሳበች፣ ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ «የቀረን ሥራ እሷን ማጥፋት ነው?»

«ማጥፋት ነው።»

«ማጥፋትማ ቀላል ነው። እሱን ባሌም ይችላል።»

ባሏ ይህን ሲሰማ ሳቁና ልቅሶው ተደባለቀበት። ሐኪሙ ቀልዱ ባይገባውም ሳቀ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ያቺን ሳቂታ ባለሙያ አገኟት። ወይዘሮ ፋዝ ይዛ አቀፈቻት፤ ለቀቅ ስታደርጋት ግን ጣቷን ቀሰረችባት። «ማይክሽን ዝጊ! ሰው ልትገድዪ ነበር።» ሴትዮዋ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ጉዴ! ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ!» እያለች እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ገና ጫማቸውን አውልቀው ሳይጨርሱ፣ መብራት ድርግም አለ። የሕንፃው ሁሉ ነበር። ደረጃው ላይ በሮች ተከፈቱ፣ ሰው ተጣራ።

«ወይዘሮ ፋዝ! ኧረ ጨለማ ነው! ወይዘሮ ፋዝ!»

ባሏ አንድ እግሩ ባዶውን፣ አንድ እግሩ በጫማ፣ ወደ በሩ ተንደረደረ። «እኔ አለሁ! መጀመሪያ የወረደውን አያለሁ፣ ሌላውን አልነካም፣ አውቀዋለሁ!»

እጅጌውን ያዘችው።

«ቆይ። ትንሽ ተወው።»

«ምነው? ሰው እኮ እየጮኸ ነው።»

«ይጩህ። ና ቁጭ በል።»

በዳበሳ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ወስዳ ቀኝ ደረቷ ላይ አኖረችው። ግድግዳው አይታይም፣ በሩ አይታይም፣ የእሱም ፊት አይታያትም። ከእጁ ሥር ደረቷ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ጨለማ አይታ አታውቅም።

«መብራቱን ማነው ያጠፋው?» አሉ አማቷ ከክፍላቸው።

«ማንም አላጠፋውም እማዬ» አለች ወይዘሮ ፋዝ፣ ሳቋ እያመለጣት። «ጨለማ ነው። ድፍን ጨለማ!»

«ተመስገን በያ!»